ብቻቸውን ለሚያረጁ ሰዎች የሚሆን የገቢ ድጋፍ፦ ሕጉን ከየት ጀምሮ ማሻሻል ይቻላል?

አብዛኞቹ የገቢ ድጋፍ ሕጎች የተጻፉት አንድ ዓይነት ቤት ታስቦ ነው። ባል ይሠራል፣ ሚስት ቤቱን ትይዛለች፣ ልጆች ያድጋሉ፣ አያቶች እዚያው ይጦራሉ። አንዱ ቢቸግረው ሌላው ይደርስለታል። መንግሥት የሚገባው ዘመድ ሲያቅተው ብቻ ነው።

ያ ቤት በብዙ አገር እየጠፋ ነው። በጃፓን በ2020 በተደረገው ቆጠራ ከ100 ቤቶች በ38ቱ የሚኖረው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በደቡብ ኮሪያም የብቸኞች ቤት ከአንድ ሦስተኛ በላይ ሆኗል። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው፣ ዕድሜው 65 እና ከዚያ በላይ የሆነው ሕዝብ በ2022 ከዓለም 10 በመቶ ነበር። በ2050 ወደ 16 በመቶ ይደርሳል። ሰው ዕድሜው ረዝሟል፤ አብሮት የሚኖረው ሰው ግን ቀንሷል።

ስለ ማሻሻያ ሲወራ ውይይቱ ቶሎ ወደ ሁለት ነገር ይሄዳል፤ ወደ ጡረታ ዕድሜና ወደ በጀት ጉድለት። ሁለቱም መነሳት አለባቸው። ቅደም ተከተሉ ግን የተገለበጠ ይመስለኛል። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት፣ ሕጉ "አለ" ብሎ የሚያስበው፣ እውነቱን ስታዩት ግን የሌለው ዘመድ ነው። እሱ ካልተነካ ገንዘብ ቢጨመርም በጣም የተቸገረው ሰው ጋ አይደርስም።

ይህ መመሪያ በፖሊሲ ዝግጅትና በማኅበራዊ ጥበቃ ሥራ ላይ ላሉ፣ እንዲሁም ጉዳዩን መከታተል ለሚፈልግ ሁሉ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በምሳሌ የሚመጡት የገንዘብ መጠኖች ለስሌት ብቻ ስለሆኑ በፈለጋችሁት ገንዘብ አስቧቸው። "ቤተሰብ" ስል በአንድ ቤት አብረው የሚኖሩትን ነው። ተለይተው የሚኖሩትን ልጆችና ወንድም እህቶች "ዘመድ" እላቸዋለሁ።

ደረጃ 1፦ ማን ከማን ጋር እንደሚኖር እወቁ

በዕድሜ ብቻ የተከፋፈለ መረጃ ለዚህ ሥራ አይበቃም። የ75 ዓመት ሰው ብቻውን በኪራይ ቤት ሲኖርና ከባለቤቱ ጋር በራሱ ቤት ሲኖር ፍላጎቱ ለየቅል ነው። ስለዚህ ሕዝቡን በዕድሜ፣ በጾታ፣ አብሮ በሚኖረው ሰው (ብቻውን፣ ከትዳር አጋር፣ ከአዋቂ ልጅ፣ ከሌላ ሰው) እና በቤት ይዞታ ከፋፍላችሁ አንድ ሠንጠረዥ ሥሩ። በእያንዳንዱ ሳጥን ሦስት ቁጥር ይግባ፦ ስንት ሰው አለ፣ ስንቱ ድጋፍ ይገባዋል፣ ስንቱ እያገኘ ነው። በሁለተኛውና በሦስተኛው ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት በኋላ ደረጃ 7 ላይ በጣም ያስፈልጋችኋል።

እዚህ ላይ ከሁለት ወጥመዶች ተጠንቀቁ። አንደኛ፣ የቤተሰብ ጥናቶች አብዛኛውን ጊዜ በእንክብካቤ ተቋማት የሚኖሩትን አይጨምሩም። ሕዝቡ እያረጀ ባለ አገር ይህ ትንሽ ቁጥር አይደለም። ሁለተኛው ይብሳል። የድህነት ስሌት በአንድ ቤት የሚኖሩ ሰዎች ገቢያቸውን እኩል ይካፈላሉ ብሎ ይነሳል። ልጇ ቤት የምትኖር እናት በእጇ ሳንቲም ሳይኖር በወረቀት ላይ "ድሃ ያልሆነች" ተብላ ትቆጠራለች። የአማካይ ቁጥሩን ብቻ ካያችሁ እሷን አታገኟትም። ስለዚህ በግል ስሙ ምንም ገቢ የሌለውን አረጋዊ ለብቻው ቁጠሩ።

ደረጃ 2፦ የሌለውን ዘመድ ከሕጉ አውጡ

ሕጉን፣ ደንቡን፣ መመሪያውንና የማመልከቻ ቅጹን ዘርግታችሁ ዘመድን የሚጠቅሱ አንቀጾችን በሙሉ አስምሩባቸው። ቅጹን አትርሱ። ሕጉ የማይለውን ነገር ቅጹ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ከዚያ በእያንዳንዱ አንቀጽ ላይ አንድ ጥያቄ አንሱ፦ ይህ ሰው ድጋፍ ለማግኘት የሌላ ሰው ገቢ፣ ፊርማ ወይም ፈቃድ ያስፈልገዋል?

መልሱ "አዎ" ከሆነ ጉዳቱ ከሚታየው በላይ ነው። በሆንግ ኮንግ ብቻቸውን ለድጋፍ የሚያመለክቱ አረጋውያን፣ ልጆቻቸው እንደማይረዷቸው በጽሑፍ እንዲያረጋግጡላቸው ይጠየቁ ነበር። አንዲት እናት የልጇን ስም የሚያጎድፍ ወረቀት ይዛ ከምትቀርብ ተርባ ብትቀመጥ ይሻላታል። ግዴታው በ2017 ተነሳ። በጃፓን ደግሞ ድጋፍ ለጠየቀ ሰው ጽሕፈት ቤቱ ለዘመዶቹ ደብዳቤ ጽፎ "ልትረዱት ትችላላችሁ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ከድጋፉ ተጠቃሚ ቤተሰቦች ከግማሽ በላይ የአረጋውያን ናቸው፤ አብዛኞቹም ብቻቸውን ይኖራሉ። ያ ደብዳቤ እንዳይላክ ብለው የማያመለክቱም ብዙ ናቸው። በ2021 መንግሥት አሠራሩን አላልቶ፣ መርዳት እንደማይችሉ ለሚታወቁ ዘመዶች ደብዳቤ መላክ እንዳያስፈልግ አድርጓል።

ለመማር የሚመቸው የደቡብ ኮሪያ መንገድ ነው። በ1999 የወጣው የመሠረታዊ ኑሮ ዋስትና ሕግ አመልካቹ ሊረዳው የሚችል ልጅ ወይም ወላጅ ካለው ይከለክለው ነበር፤ በተግባርም ብዙ ጊዜ ልጁ መርዳቱ ሳይታይ። ግዴታው የተነሳው በአንድ ጊዜ አይደለም። በ2015 ድጋፉ ለኑሮ፣ ለሕክምና፣ ለመኖሪያ ቤትና ለትምህርት ተከፋፈለ፤ እያንዳንዱም የራሱ የገቢ ጣሪያ ተሰጠው። መጀመሪያ ከትምህርቱ፣ በ2018 ከመኖሪያ ቤቱ፣ በ2021 ከኑሮ ድጋፉ ላይ የዘመድ መስፈርቱ ተነሳ። በጣም ከፍተኛ ገቢ ወይም ንብረት ያላቸው ልጆችና ወላጆች ብቻ ቀሩ። በሕክምናው ላይ ግን በዚያን ጊዜ አልተነሳም።

ከዚህ የምወስደው ቅደም ተከተሉን ነው። ድጋፉን ክፈሉት፤ ወጪው አነስተኛ ከሆነው ጀምራችሁ መስፈርቱን አንሱ፤ ውጤቱን እያያችሁ ወደ ትልቁ ሂዱ። ኮሪያ የፈጀችውን ያህል ጊዜ ግን አትፍጁ። መጨረሻውን ዓመት ከመጀመሪያው በሕጉ ላይ ጻፉት።

"ልጆቹ ሀብታሞች ቢሆኑስ?" የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። ጀርመን ለዚህ ቀለል ያለ መልስ አላት። ለአረጋውያን የሚሰጠውን መሠረታዊ ድጋፍ በ2003 ስትጀምር፣ የልጅ ገቢ በዓመት ከ100,000 ዩሮ ካልበለጠ ከቁጥር እንዳይገባ አደረገች። ይህን ገንዘብ የሚያገኙት ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ ለጥቂቶች ሲባል ሁሉም አረጋዊ ስለ ልጁ አይመረመርም።

"ልጆች ወላጆቻቸውን መርዳት ይተዋሉ" የሚልም ክርክር ትሰማላችሁ። እኔ እዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው። ልጅ የሚሰጠው ገንዘብ በሙሉ ከድጋፉ ላይ ከተቀነሰ፣ መርዳትን የሚያከስመው ሕጉ ራሱ ነው፤ ልጁ የላከው ለእናቱ አንዳች አይጨምርላትምና። ስለዚህ ከዘመድ የሚመጣ ስጦታ እስከ ተወሰነ መጠን ድረስ ከስሌት ውጪ ይሁን።

ደረጃ 3፦ ብቻ የመኖርን ዋጋ በትክክል አስሉ

ሁለት ሰው ከአንድ ሰው እጥፍ አያወጣም። ኪራዩ አንድ ነው፣ ምድጃው አንድ ነው፣ አምፖሉ አንድ ነው። ይህን ለመለካት በስፋት የሚሠራበት ቀመር ለመጀመሪያው አዋቂ 1፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ አዋቂ 0.5፣ ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ 0.3 ይሰጣል። በዚህ መሠረት ጥንዶች 1.5 ናቸው። ጥንዶች 10,000 ካስፈለጋቸው ብቻውን የሚኖር ሰው ወደ 6,700 ያስፈልገዋል ማለት ነው። "ለእያንዳንዱ ሰው እኩል" ብላችሁ 5,000 ከሰጣችሁ ብቸኛው ሰው 1,700 ጎደለበት።

አውስትራሊያ ይህን ችግር በ2009 ፊት ለፊት ነካችው። የብቸኛ ጡረተኛው ክፍያ ከጥንዶቹ ጠቅላላ ክፍያ 66 በመቶ ገደማ እንዲሆን ከፍ አደረገች። ኒውዚላንድም ብቻውን ለሚኖር ከጥንዶቹ ክፍያ 65 በመቶ፣ ቤት ለሚጋራ ብቸኛ ሰው ደግሞ 60 በመቶ ትሰጣለች።

ነገር ግን ለብቸኛው መጨመር ሌላ አደጋ ያመጣል። አብሮ መኖር የሚያስቀጣ ይሆናል። ኔዘርላንድስ በ2015 ባወጣችው ደንብ፣ በአንድ ቤት የሚኖሩ አዋቂዎች በበዙ ቁጥር የእያንዳንዱ ተረጂ ክፍያ ይቀንሳል። ሁለት ከሆኑ ለእያንዳንዱ ከጥንዶች ጠቅላላ ክፍያ 50 በመቶ፣ ሦስት ከሆኑ 43 በመቶ ገደማ፣ አራት ከሆኑ 40 በመቶ። ወጪ ስለሚካፈሉ ስሌቱ ትክክል ይመስላል። በተግባር ግን ልጅ 21 ዓመት ሲሞላው የወላጁ ክፍያ ወረደ። አንዳንድ ወላጆች ልጃቸውን ከቤት እስከማስወጣት ደረሱ። በ2023 ዕድሜው ከ27 በታች የሆነ ሰው እንዳይቆጠር ተደረገ። ቤተሰብ እያነሰ ነው ብሎ የሚጨነቅ አገር፣ በራሱ ደንብ ቤተሰብ ሲያሳንስ ማየት ያሳዝናል።

ለዚህ እኔ የምመርጠው መንገድ ክፍያውን ሁለት ማድረግ ነው። አንዱ ለሰውየው፣ ሌላው ለቤቱ። ለእያንዳንዱ ሰው 3,300፣ ለእያንዳንዱ ቤት 3,400 እንበል። ብቻውን የሚኖር 6,700 ያገኛል። ጥንዶች 10,000። ሦስት አዋቂ ሲሆኑ 13,300። ሬሾው ከላይ ካየነው ቀመር ጋር ይገጥማል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። እህቷን ቤቷ ያስገባች አረጋዊት የራሷ 3,300 አይነካም። የምትካፈለው የቤቱን ድርሻ ብቻ ነው፤ ኪራዩንም አብረው ነው የሚከፍሉት። "ጓደኛዋ ነው ወይስ ባሏ?" ብሎ ጓዳ ድረስ ገብቶ የሚመረምር ባለሙያም አያስፈልግም።

የሰውየው ድርሻ በራሱ ስም፣ በራሱ የባንክ ሂሳብ ይግባ። በተለይ ለሴቶች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ከትዳር አጋር ሞት በኋላ ያሉትን ወራትም አስቡ። ክፍያው በማግስቱ ከ10,000 ወደ 6,700 መውረድ የለበትም። የቀብሩ ወጪ አለ፣ የኪራይ ውሉ አለ፣ ሐዘኑ አለ። አውስትራሊያ እስከ 14 ሳምንት የሚያገለግል የሐዘን ጊዜ ክፍያ አላት። ተመሳሳይ አንቀጽ ጨምሩ።

ደረጃ 4፦ ማጣሪያውን ቀላልና ገር አድርጉት

እዚህ ላይ መጀመሪያ የሚወሰነው የምታጣሩት ከላይ ነው ወይስ ከታች የሚለው ነው። ድሃውን ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው፤ ሀብታሙን ለይቶ ማስቀረት ይቀላል። ቺሊ በ2022 የጀመረችው የጡረታ ዋስትና 65 ዓመት ከሞላቸው ሰዎች 90 በመቶውን እንዲሸፍን የታሰበ ነው፤ የሚቀሩት በጣም ሀብታሞቹ ናቸው። በጀቱ ከቻለ ይህን እመርጣለሁ።

በጀቱ ካልቻለና ከታች ማጣራት ግድ ከሆነ፣ የሚኖሩበትን ቤት አትቁጠሩ። ቤት አላት ማለት የምትበላው አላት ማለት አይደለም። አውስትራሊያም መኖሪያ ቤትን ከንብረት ስሌቷ ውጪ አድርጋለች።

ከዚያ የቅነሳውን መጠን ተመልከቱ። አንድ ሰው ትንሽ ሠርቶ 1,000 ቢያገኝና ድጋፉ በ1,000 ቢቀነስ የሠራው በነጻ ነው። የመጀመሪያው 500 ከስሌት ውጪ ሆኖ ከቀሪው ግማሹ ቢቀነስ ግን የሚጎድልበት 250 ብቻ ነው፤ 750 በእጁ ይቀራል። ለዓመታት መዋጮ ከፍሎ አነስተኛ ጡረታ ያገኘ ሰውም፣ ምንም ካልከፈለው እኩል መሆን የለበትም። ጀርመን ከ2021 ጀምሮ ቢያንስ 33 ዓመት ላዋጣ ሰው ከጡረታው የተወሰነውን ሳትቆጥር መሠረታዊ ድጋፉን ትሰጣለች። ልጅና ሕመምተኛ ሲንከባከቡ ያለፉ ዓመታትም እንደ ሥራ ዓመት ይታሰቡ። አለበለዚያ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው ስታገለግል የኖረች ሴት በእርጅናዋ ባዶ እጇን ትቀራለች።

ደረጃ 5፦ ከጡረታ በፊት ያለውን ገደል ዝጉ

የጡረታ ዕድሜ መነሳት ያለበት እዚህ ጋ ነው እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም። ዴንማርክ የጡረታ ዕድሜን ከሕይወት ዘመን ርዝመት ጋር አያይዛለች፤ በ2025 ፓርላማው በ2040 ወደ 70 ዓመት ከፍ እንዲል ወስኗል። ቁጥሩ ብቻ ነው ዜና የሆነው። ከ2022 ጀምሮ ግን በ61 ዓመቱ ከ42 እስከ 44 ዓመት በሥራ ዓለም ያሳለፈ ሰው፣ እንደ ዓመቱ ብዛት ከአንድ እስከ ሦስት ዓመት ቀድሞ ጡረታ መውጣት ይችላል። በወጣትነቱ ጉልበት ሥራ የጀመረው ሰው የታሰበበት በዚህ አንቀጽ ነው።

ብቻውን የሚኖር የ62 ዓመት ሰው ሥራ ቢያጣ የባል ወይም የሚስት ደመወዝ አይደግፈውም። ለወጣት ሥራ ፈላጊ ወደተዘጋጀው ዝቅተኛ ድጋፍ ይወድቃል፤ ያጠራቀመውን ይጨርሳል፤ ጡረታው ሲደርስ ባዶ ሆኖ ይጀምራል። ስለዚህ የጡረታ ዕድሜን ከፍ የሚያደርገው ሕግ በዚያው ቀን ለእነዚህ ዓመታት የሚሆን ድጋፍም ይዞ መውጣት አለበት።

ደረጃ 6፦ ክፍያው በየዓመቱ እንዴት እንደሚያድግ በሕግ ጻፉ

ክፍያውን ከዋጋ ጋር ብቻ ካያያዛችሁት፣ ደመወዝ ከዋጋ በላይ ሲያድግ ተረጂው ቀስ በቀስ ከኅብረተሰቡ ወደኋላ ይቀራል። በብሪታኒያ በ1980 የመሠረታዊ ጡረታው ጭማሪ ከደመወዝ ተላቅቆ ከዋጋ ጋር ከታሰረ በኋላ ለአሥርት ዓመታት የሆነው ይኸው ነው። በ2011 መታረም ሲጀምር ርቀቱ ሰፍቶ ነበር። የሰውየውን ድርሻ ከደመወዝ ጋር፣ የቤቱን ድርሻ ከኪራይና ከቤት መገልገያ ወጪ (መብራት፣ ማገዶ፣ ውሃ) ጋር አያይዙ።

ደረጃ 7፦ ገንዘቡ ሰውየው ጋ እንዲደርስ አድርጉ

ጥሩ ሕግ ጽፎ ሰው እስኪመጣ መጠበቅ ብቸኛ አረጋዊን አይጠቅምም። ቅጽ የሚሞላለት፣ ስልኩን የሚከፍትለት፣ "ይገባሃል እኮ፣ ሂድ" የሚለው ሰው የለውም። በብሪታኒያ ለዝቅተኛ ገቢ ጡረተኞች የሚሰጠውን ማሟያ ከሚገባቸው ሰዎች ብዙዎቹ አያመለክቱም። በ2024 መንግሥት ለሁሉም ጡረተኛ ይሰጥ የነበረውን የክረምት ማሞቂያ ክፍያ በዋናነት ይህን ማሟያ ለሚያገኙት ብቻ አደረገው። ወደ 10 ሚሊዮን የሚሆኑ ሰዎች ክፍያው ቀረባቸው፤ ከእነሱ መካከል ማሟያው እየተገባቸው ያላመለከቱ ችግረኞች ነበሩ። በ2025 ገቢያቸው በዓመት እስከ 35,000 ፓውንድ ለሆነው ተመለሰ። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ብዙ ሰው የማይደርስበትን ድጋፍ ለሌላ ድጋፍ መግቢያ አታድርጉት።

ደቡብ ኮሪያ በ2014 ክፉ ነገር ደርሶባታል። በሴኡል አንዲት እናትና ሁለት አዋቂ ልጆቿ ድጋፍ ሳያገኙ በችግር ሕይወታቸውን አጡ። ከዚያ በኋላ መንግሥት የመብራት ሂሳብና የመድን መዋጮ መክፈል ያቆሙ ቤቶችን መረጃ ሰብስቦ፣ ችግር ላይ ያለን ሰው ራሱ መፈለግ ጀመረ።

በተግባር ይህን አድርጉ። የጡረታና የግብር መዝገብ በመንግሥት እጅ ስላለ፣ የሚገባውን ሰው ስሌት ቀድማችሁ ሥሩና "ይህን ያህል ይገባዎታል፤ ካልተቃወሙ ከሚቀጥለው ወር ይጀምራል" የሚል ደብዳቤ ላኩ። ለድጋፎቹ ሁሉ አንድ ቅጽ ይኑር። በኢንተርኔት የሚሠራው ሁሉ በስልክና በአካልም ይሠራ። ደብዳቤ ተልኮ መልስ ከጠፋ፣ ዝምታውን እንደ እምቢታ አትቁጠሩት፤ ሰው ሄዶ በር ያንኳኳ። የማስታወስ ችሎታው ለደከመ ሰው ገንዘቡን የሚቀበልለትን ወኪል የሚሾምበትና ወኪሉ የሚመረመርበት ሥርዓትም አብሮ ይዘጋጅ።

ደረጃ 8፦ ወጪውን ሁለት ጊዜ አስሉ

መጀመሪያ ዛሬ ባለው የቤተሰብ አኗኗር፣ ቀጥሎ ከአሥር ዓመት በኋላ በሚጠበቀው። 1,000 ተጠቃሚዎች አሉ እንበል፤ 400ው ብቻቸውን፣ 600ው በጥንድ ይኖራሉ። ለእያንዳንዱ 5,000 ሲከፈል ወጪው 5,000,000 ነበር። በአዲሱ አከፋፈል 5,680,000 ይሆናል፤ 13.6 በመቶ ጭማሪ። ከአሥር ዓመት በኋላ ብቸኞቹ 500 ቢደርሱ፣ የተጠቃሚው ብዛት ሳይጨምር ወጪው 5,850,000 ይገባል። ይህ ወደ 3 በመቶ የሚጠጋ ተጨማሪ ወጪ የመጣው ቤቶች ስለተከፈሉ ብቻ ነው። የሕዝብ እርጅናን ብቻ የሚያሰላ ትንበያ ይህን አያየውም።

የገንዘብ ምንጩንም ለዩ። ስዊድን በመዋጮ ላይ የተመሠረተው ጡረታዋ፣ ዕዳው ከሀብቱ ሲበልጥ ክፍያውን በራሱ የሚቀንስ አሠራር አለው። ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ፣ በ2010 ክፍያ ቀንሷል። ለዝቅተኛ ገቢ ጡረተኞች የሚሰጠው ዋስትና ግን ከመንግሥት በጀት ስለሚከፈል ከዚያ ቅነሳ ውጪ ነው። ይህን መለያየት ውሰዱት። ወለሉ፣ ማለትም ዝቅተኛው ዋስትና፣ ከግብር ይከፈል።

ደረጃ 9፦ ሽግግሩን ጻፉ

አዋጁ ከመውጣቱ በፊት 20 ያህል የኑሮ ዓይነቶችን በወረቀት ላይ አውጡና እያንዳንዱ በአሮጌውና በአዲሱ ሕግ ምን እንደሚያገኝ አወዳድሩ። ባል የሞተባት ተከራይ፣ አብረው የሚኖሩ ሁለት አረጋውያን እህትማማቾች፣ የታመመ ልጁን የሚያስታምም የ68 ዓመት አባት፣ ከእንክብካቤ ተቋም ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው፣ የተፋታች የ60 ዓመት ሥራ አጥ። የሚከስር ካለ፣ ለነባር ተጠቃሚ ክፍያው እንዳይወርድ አድርጋችሁ፣ አዲሱ መጠን እስኪደርስበት በነበረበት አቆዩት።

አዲሱን አሠራር በሁለት ወይም በሦስት አካባቢዎች ለአንድ ዓመት ሞክሩት። ስትሞክሩ ሁለት ነገር ለኩ፦ ከሚገባቸው መካከል ስንቱ አገኙ፣ ከማመልከቻ እስከ መጀመሪያው ክፍያ ስንት ቀን ፈጀ። ውጤቱን መጥፎም ቢሆን አሳትሙት። በአዋጁ የመጨረሻ ክፍል ላይም፣ በየአምስት ዓመቱ ደረጃ 1 ላይ የሠራችሁት ሠንጠረዥ እንደ አዲስ እንዲዘጋጅና የሰውየውና የቤቱ ድርሻ በዚያ መሠረት እንዲከለስ የሚያስገድድ አንቀጽ አስገቡ።